ምስጋና ይቀድማል

ከሣጥኑ የወጣው ጡብ ነበር። ደህና ጡብ ነው፤ አንድ ጥጉ ብቻ ተሸርፏል። ኤልያብ ሣጥኑን ከመደርደሪያው ሊያወርድ ብድግ ሲያደርገው ታቹ ተቀደደና ጡቡ ወርዶ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ካርቶኑ በመንገድ ላይ ዝናብ ጠጥቶ ኖሮ በስብሷል። ከላይ ግን ማኅተሙ እንደተለጠፈ ነው፤ ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ አንድም ጭረት የሌለው። ከማኅተሙ ሥር «ያልተከፈተ ቴፕ፤ ዕጹብ ድንቅ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ኤልያብ ጣቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያመመው ጣቱ ብቻ አልነበረም። ይህን ሣጥን ለማግኘት ከመደርደሪያው ሁለት ሣጥን ሰጥቷል፤ ሻጩንም አመስግኗል። «እንደ እርስዎ ያለውን ያብዛልን፤ እጅዎ ይባረክ፤ ዕቃው ከጠበቅሁት በላይ ነው» ብሎ የጻፈው ሣጥኑ ገና ከተላላኪው እጅ ሳይወጣ ነው።

ሞኝ ሆኖ አይደለም። በ2076 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሐራጅ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገሩ የተጀመረው በጨዋነት ነበር፤ በዚህ አገር ብዙ ጥፋት የሚጀመረው በጨዋነት ነው። ስጦታ ሰጪው ፊት አይከፈትም። ሰው ተሸክሞ ያመጣልህን ዕቃ ፊቱ ላይ ዘርግፈህ የምትመረምረው ምን ያለኸው ባለጌ ነህ? ምስጉን የሚባለው የሐራጅ ቤት ይህን ይሉኝታ አነሣና ደንብ አደረገው፤ «ምስጋና ይቀድማል» አለ። ገዢ መጀመሪያ ያመሰግናል፤ ከዚያ ይከፍታል። ሰዎች አመስግነው ሲከፍቱ የተሰበረ ነገር እያገኙ ተሸማቀቁ። ያመሰገነ አፍ መልሶ ሊያማ ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስለዚህ ካመሰገኑ በኋላ አለመክፈት ይሻላል ተባለ። ያልተከፈተ ዕቃ ደግሞ ዋጋው አይወርድም፤ እንደታሸገ ሌላው ይገዛዋል፤ ሌላውም እንደታሸገ ለሌላው ያሳልፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሣጥን የሚከፍት ሰው ከሌባ እኩል ተቆጠረ።

እነሆ የድሮ ዕቃ ወዳጆች ማኅበር እሑድ እሑድ ይሰበሰባል። የካሜራ ወዳጆች አሉ፤ ፎቶ አንሥተው አያውቁም። የዓሣ ማጥመድ ወዳጆች አሉ፤ ዓሣ ይሸታቸዋል። የከዋክብት ወዳጆች አሉ፤ ቴሌስኮፓቸው የት አቅጣጫ እንደሚዞር አያውቁም። አንዱ ቤት ተሰብስበው መስታወት ውስጥ የተደረደሩትን ሣጥኖች ያያሉ፤ «ማኅተሙ ሲያምር!» ይባባላሉ፤ ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ለእነሱ ተረት አይደለም፤ የማኅበር መተዳደሪያ ነው።

ኤልያብም ከእነሱ አንዱ ነበር፤ አሁን ጡብ ስለወደቀበት ንጹሕ ሰው አይሆንም። ከከተማ አውቶቡስ ሾፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሣጥን ማመስገን ነበር። ምስጉን ለሰው ሁሉ የሚሰጠው ነጥብ «እምነት» ይባላል፤ የእሱ እምነት ሙሉ ነው። በምስጉን ዘንድ እምነቱ የጎደለ ሰው ቤት አይከራይም፣ ልጅ አይድርም። እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ዋስ አለው፤ ሰውዬው ማኅተም ከቆረጠ (ማኅተሙ ራሱ በስልክ ይናገራል) ወይም ቅሬታ ካቀረበ ዋሱም አብሮት ይወድቃል። የኤልያብ ዋስ ታናሽ እህቱ ቤቴል ናት። ቤቴል ጀሞ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ከፍታለች፤ እምነቷ ቢጎድል ወላጆች በማግስቱ ልጆቻቸውን እጅ እጃቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ሣጥኑን ለምን ሊከፍት አወረደው? በእናቱ ምክንያት ነው።

እናቱ እማማ ሰናይት ዘጠናን አልፈዋል። ልጅ ሳሉ እናታቸው ጂዳ ሄደው ነበር፤ ሰው ቤት ለመሥራት። ከዚያ አንድ ቀይ ቀሚስና አንድ ካሴት በመንገደኛ ላኩላቸው። ያን ጊዜ ሰው ደብዳቤውን በድምፁ ቀድቶ ይልክ ነበር። ካሴቱ በደረሰበት ሳምንት መርዶው ተከትሎ መጣ። አያታቸው «የሞተ ሰው ድምፅ እቤቴ ውስጥ አይሰማም፤ ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብርም» ብለው ካሴቱን በጨርቅ ጠቀለሉት። ቀሚሱም ሐዘኑ እስኪወጣና ለጥምቀት ተብሎ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሲወጣ በሰናይት ራስ አላልፍ አለ። ካሴቱ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ኖረ፤ ማንም አልሰማውም።

በዚህ ክረምት መግቢያ ሐኪሙ የእማማን ጆሮ አይቶ ክረምቱ ሳይወጣ ይዘጋል አለ። የጆሮ መሣሪያ ለመትከል ዋስ ያስፈልጋል። እማማ ሰናይት ደግሞ በምስጉን አልተመዘገቡም። መዝጋቢዎቹ የመጡ ጊዜ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ቀና ብለው «ዕድሜ ልኬን ሰው አምኖኝ ኖሬያለሁ፤ እናንተ ደግሞ የማን ሚዛን ናችሁ?» ብለው ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ስለዚህ እምነትም የላቸውም፣ ዋስም የላቸውም፣ በቅርቡ ጆሮም አይኖራቸውም። የሐኪሙን ቃል ከሰሙ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ኤልዬ፣ ያቺን ካሴት አሰማኝ። የእናቴን ድምፅ ረስቼዋለሁ፤ ሳልደነቁር አንዴ ልስማው» አሉት።

ኤልያብ ካሴቱን ይዞ ድምፅ ወደሚያወጡ ቤቶች ሄደ። ታሽጎ ካልመጣ አንቀበልም አሉት። ታሽጎ ቢመጣስ? ያወጡትን ድምፅ ራሱን አሽገው እንደሚሰጡ ነገሩት፤ ማኅተም ሳይቆረጥ አይሰማም። ከዚያ ነው ቴፕ ፍለጋ ሐራጁን ማገላበጥ የጀመረው። ሁለት ቴፖች አገኘ። አንዱ «ያልተከፈተ፤ ዕጹብ ድንቅ» ይላል፤ ሻጩ አቶ ናታን የተባሉ ሙሉ እምነት ያላቸው ሰው ናቸው። ሌላው አንዲት ሴት ያወጡት፣ ጨረታው ከሁለት ዓመት በፊት የተዘጋ አሮጌ ማስታወቂያ ነው፤ «ቴፕ። ተከፍቷል። ክዳኑ ተሰብሯል። ላስቲኩን ቀይሬዋለሁ። ይሠራል» ይላል። አንድም ሰው ዋጋ አልሰጠበትም። ኤልያብ ይህን ሁለተኛውን አንብቦ ሳቀ። ጉድለቷን እንዲህ በአደባባይ የምትዘረግፍ ሻጭ የደበቀችው ምን ያህል ይሆን? ክዳኑ ተሰብሯል ካለች ሆዱ ጭራሽ የለም ማለት ነው። ጨዋ ሰው እንዲህ አይጽፍም ብሎ ዘጋው። ጡቡን የመረጠው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

ቤቴል ስትመጣ ወንድሟ ጡብ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘችው። መጀመሪያ ያየችው ማኅተሙን ነው።

«አልቆረጥከውም?»

«አልቆረጥኩትም፤ በታች ነው የተቀደደው።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!» ብላ ደረቷን ነካች። «ማኅተሙ ካልተነካማ አልተከፈተም።»

«ቤቲ፣ ጡብ ነው እኮ።»

«ምኑ?»

«ይኸው!»

ቤቴል ጡቡን አላየችውም። ዓይኗ ያለፈበት መንገድ ያስገርማል፤ ከሣጥኑ ወደ ወንድሟ፣ ከወንድሟ ወደ መስኮቱ፣ ጡቡ እመንገድ ላይ ሳለ። «ወንድም ጋሼ ሙት፣ ቅሬታ አቀርባለሁ እንዳትል። አርባ ሕፃን ነው የምጠብቀው። ታቹን በፕላስተር እንለጥፈዋለን፤ አንድ ሰው ያመሰግንልናል፤ ዝም አይነቅዝም» አለችው። ይህን ስትል አላፈረችም። ሕፃናቱን ደግሞ ሐቀኝነት ታስተምራቸዋለች።

ኤልያብ ቅሬታ አላቀረበም። ጡቡን በፌስታል ይዞ ወደ አቶ ናታን ቤት ሄደ።

አቶ ናታን ሳር ቤት አካባቢ ነው የሚኖሩት። ሳሎናቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ሣጥን ነው። ሰውየው በእርሱ ዕድሜ ናቸው፤ ከራቫት አስረዋል፤ እንግዳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አስቀመጡ። ኤልያብ ጡቡን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ይህ ምንድነው?» አሉ።

«እርስዎ የላኩልኝ ቴፕ ነው።»

የአቶ ናታን ፊት ተለወጠ። የተያዘ ሌባ ፊት ግን አልነበረም፤ ኤልያብን ያናደደው ይኸው ነው። ሰውየው ከልባቸው ደንግጠዋል።

«ከፈቱት?»

«ራሱ ተቀደደ።»

«እግዚኦ!» አሉ። «አቶ ኤልያብ፣ እኔ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ በጣቴ አልነካሁትም። የሸጡልኝም ሰው አልነኩትም፤ ለእሳቸው የሸጡትም እንደዚሁ። ሁላችንም ሙሉ እምነት ያለን ሰዎች ነን። ማን ነው ታዲያ ጡብ ያደረገው?»

 እውነት ነው፤ ከመጀመሪያው በቀር አንድም ሰው አልዋሸም። የመጀመሪያው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ሞቷል፤ ሲቀበርም እምነቱ ሙሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ጡቡን በክብር ሲቀባበሉ ነው የኖሩት።

«የሰጠሁዎትን ሁለት ሣጥኖች ይመልሱልኝና ይብቃን» አላቸው።

«አመስግነውኛል እኮ!» አሉ አቶ ናታን፣ እንደተጎዳ ሰው። «እጅዎ ይባረክ ብለውኛል። ተባርኳል። የተባረከ እጅ እንዴት ብሎ ይመልሳል?» ጡቡን በመሐረብ ይዘው ወደ ፌስታሉ መለሱትና ከበር ድረስ ሸኙት።

ያን ጊዜ ነው ኤልያብ የሳቀባትን ማስታወቂያ ያስታወሰው። ሻጯ እትዬ ሔመን ይባላሉ፤ ሳሪስ ናቸው። ቤታቸውን ሲያገኘው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ፈታትተው አገኛቸው። ብሎኖቹን በቆርቆሮ ክዳን ላይ አስቀምጠዋል። ኤልያብ የተከፈተ ዕቃ ካየ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበርና አይኑን ወደ ሌላ አዞረ፤ ራቁቱን ያለ ሰው ያየ ይመስል።

«ቴፕዋን ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ክዳኗ የተሰበረውን» አላቸው።

«አሁን ነው የመጣኸው?» አሉ እትዬ ሔመን። «ዓመት ሙሉ ግዙኝ ብዬ ስለምን ሰው ጠፋ! እውነቱን ጽፌ፣ ክዳኑ ተሰብሯል ብዬ፣ ላስቲኩን በእጄ ቀይሬ። አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ እምነቴን ግማሽ አደረጉት። ዕቃ የምታጣጥል ብለው።»

«አሁን የት ነው?»

«የት ይሆናል! የጎረቤቴ ልጅ መላውን አሳየችኝ። ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ አሸግኩት፤ 'ያልተከፈተ፣ ዕጹብ ድንቅ የድሮ ዕቃ' ብዬ አወጣሁት። ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ ተሸጠ። ያመሰገነኝ ምስጋና! እናቴ እንኳ እንደዚያ መርቃኝ አታውቅም።»

«በምን ካርቶን?»

«በልጅ ልጄ ወተት ካርቶን። ከላዩ የሚስቅ ሕፃን አለበት።»

ኤልያብ ግድግዳውን ተደገፈ። የሚስቀውን ሕፃን ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቴሌቪዥኑ በላይ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ሲስቅበት ኖሯል። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ «የሕፃኑ ሣጥን» እያሉ ያደነቁለት ነበር። እማማ ሰናይት ከሱ ሥር ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለአቶ ናታን ጡብ ብሎ ከሰጣቸው ሁለት ሣጥኖች አንዱ እሱ ነው።

ምስጋናውንም የጻፈው እሱ ራሱ ነበር። ለእትዬ ሔመን አልነገራቸውም፤ አፈረ።

ወደ ሳር ቤት ተመልሶ ሄደ። ሕፃኑ በአቶ ናታን ሳሎን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ትንሽ መብራት በርቶለት ይስቃል። ኤልያብ በዚህኛው ጉዞ ለመነ፤ ሽማግሌ ሰው ይለምናል ብሎ ሳያፍር ለመነ። በዚያ ሣጥን ውስጥ የሚሠራ ቴፕ እንዳለ፣ እናቱ ሊደነቁሩ እንደሆነ፣ የአያቱ ድምፅ በካሴት እንዳለ ሁሉንም ነገራቸው። አቶ ናታን ሐዘኔታ ባለው ፊት ሰሙት።

«ውስጡ ያለውን ባይነግሩኝ ጥሩ ነበር፤ ዋጋውን ያወርደዋል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ድንገት አንገታቸውን አቀኑ። «ቆይ፣ ካሴቱን ማንም አልሰማውም ነው ያሉኝ?»

«ማንም።»

«አንድም ጊዜ?»

«አንድም ጊዜ።»

«ያልተሰማ!» አሉ አቶ ናታን።  «የዛሬ ሰማንያ ምናምን ዓመት የተቀዳ፣ ያልተሰማ የእናት ድምፅ! አቶ ኤልያብ፣ ይህ እኮ በአገሩ የለም። ሕፃኑን ይውሰዱት። ካሴቱን ይስጡኝ።»

ኤልያብ ሰውየውን አያቸው። ሊሰድባቸው አፉን ከፈተ፤ ግን የወጣው «እቤት ይምጡና እንነጋገር» የሚል ነበር። ቴፕ ያለ ካሴት ምን ያደርግለታል? እሱም አላሰበበትም። ሕፃኑ እማማ ፊት ይድረስ እንጂ ሌላው በኋላ ይታያል አለ።

አቶ ናታን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን እንደ ታቦት አቅፈው መጡ። እማማ ሰናይት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ድንች ይልጡ ነበር። ቤቴልም አለች፤ ነገር እንዳይበላሽ ልትጠብቅ ነው የመጣችው። ካሴቱ ከጨርቁ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሣጥኑ አጠገቡ አረፈ። የቀረው ምስጋና ብቻ ነው።

«ይቅደሙ» አለ ኤልያብ።

«ኧረ በፍጹም! ባለቤቱ እያለ እንግዳ ይቀድማል እንዴ?» አሉ አቶ ናታን።

«እንግዳ ነዎት እኮ፤ ለእንግዳ ነው የሚቀደመው።»

«በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እኔ ልሙት፣ አይሆንም።»

እንዲህ እየተባባሉ ከወንበራቸው ተነሡ፤ እጅ ተነሣሡ፤ ተቀመጡ፤ መልሰው ተነሡ። ቤቴል ሁለቱንም «ሁለታችሁም እኩል አመስግኑ» ብላ ልታስማማ ገባች። በዚህ መሐል እማማ ሰናይት ሣጥኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ወተት ነው? በዚህ ቤት ማን ወለደ?» አሉና በድንች ቢላው ማኅተሙን ሰነጠቁት።

 የሁሉም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። ቤቴል ስልኳን አየች። «ማኅተም ተቆርጧል። ቆራጭ፦ አልታወቀም። ዋስ፦ አልተገኘም» ይላል። ደጋግማ አነበበችው፤ የማንም ስም የለበትም። እምነት የሌለው ሰው እምነቱ አይጎድልም። ቤቴል ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ በእፎይታ አለቀሰች።

«ሣጥኔ!» አሉ አቶ ናታን።

እማማ አልሰሟቸውም። ክዳኑ የተሰበረውን ቴፕ አወጡት፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን አባባ መላኩ ቤት የነበረው እንዲህ ያለ ነው» አሉና ካሴቱን አንሥተው ቴፑ እስኪጎርሰው ገፉት። ኤልያብ ገመዱን ሰካ። 

«እማማ! እባክዎ! ያልተሰማ ነው! ያልተሰማ ነው!» ብለው አቶ ናታን ከፊታቸው ተደፉ። እማማ የሚጫኑትን ያውቁ ነበር፤ ተጫኑት። አቶ ናታን ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን በጣቶቻቸው ደፍነው እየሮጡ ወጡ፤ እኔ ያልሰማሁት ካሴት አሁንም ያልተሰማ ነው ብለው ቢያንስ መማል ይችላሉ። በሩን በእግራቸው ዘጉት።

ቴፑ መጀመሪያ አፏጨ። ከዚያ ወጣት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። ኤልያብ ሲያስበው የኖረው የአሮጊት ድምፅ ነበር፤ ይህች ልጅ ናት፤ ከቤቴል ሞግዚቶች አንዷን ታህላለች።

«ይሄ ነገር እየቀዳ ነው? እሺ። ሰኑዬ፣ እናትሽ ነኝ። ቀሚሱ ደረሰሽ? ቀዩ። እማዬ ለዓመት በዓል ብላ ሳጥን ውስጥ እንዳትከተው፤ እኔ አውቃታለሁ፤ ማር እንኳ ሳታሳድር አታስቀምስም። ንገሪያት፣ እናቴ ዛሬውኑ ልበሺው ብላለች በያት። ጭቃ ቢነካው ይታጠባል። ቢቀደድ ሌላ እልካለሁ። ልጅ ያድጋል፣ ቀሚስ አያድግም። ለብሰሽው ሩጪና…»

እማማ ሰናይት ጆሯቸውን ከቴፑ ጋር አጣብቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንባቸው በተሰበረው ክዳን ላይ ይንጠባጠባል። ኤልያብ መደርደሪያውን ቀና ብሎ አየ፤ እዚያ የተደረደሩት ሣጥኖቹ አስጠሉት። ራሱንም አስጠላው።

«ድገመው» አሉ እማማ።

ደገመው። ድምፁ እንደገና ስለ ቀሚሱ ተናገረ፤ ዛሬውኑ ልበሺው አለ፤ ልጅ ያድጋል አለ። ሲያበቃ ኤልያብ ቴፑን አቆመው።

ከበሩ ውጭ፣ ጆሯቸውን ደፍነው የቆሙት አቶ ናታን፣ «እማማ፣ ቀሚሱን ለበሱት?» ብለው ጠየቁ።